ሃምሳ አምስት ደቂቃ

«ክሩን ወጥሪው እንጂ! ላላ ካለ አቀበቱንም ቁልቁለቱንም ልትለኪው ነው» አሉ መምህር በላይነህ።

ወንጌላዊት የክሩን አንድ ጫፍ በአውራ ጣቷ አዋሳ ላይ ተጭና ሌላውን ጫፍ አዲስ አበባ ድረስ ሳበችው። የግድግዳው ካርታ አርጅቷል፤ በመታጠፊያው በኩል ተልጦ የዝዋይ ሐይቅ ለሁለት ተከፍሏል። ክሩን በጥንቃቄ አንስታ ማስመሪያ ላይ ዘረጋችው።

«አሥር ነጥብ ስምንት ሳንቲ ሜትር።»

«በካርታው መስፈርት አንዱ ሳንቲ ሜትር ስንት ነው?»

«ሃያ ኪሎ ሜትር። ስለዚህ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ማለት ነው።»

«አይደለም!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። «ወንድሜ ሹፌር ነው ቲቸር፤ ሁለት መቶ ሰባ አምስት ነው!»

«የወንድምህ መኪና በሞጆ ዞራ ነው የምትሄደው። አውሮፕላን ሞጆ ምን ጉዳይ አለው?»

ክፍሉ ሳቀ። መምህር በላይነህ ራሳቸው ፈገግ ብለው ጠመኔውን ለወንጌላዊት አቀበሏት። «አሁን ጊዜውን ፈልጊልን። የአውሮፕላኗን ፍጥነት መቼም አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

ስምንተኛ ለ ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም። የወንጌላዊት አባት አቶ ማቴዎስ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው የአውሮፕላን ማረፊያ ይሠራል። በሳምንት ሁለት ቀን አውሮፕላን ሲመጣ ሻንጣውንም ተሳፋሪውንም በሚዛን ይመዝናል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ከማረፊያው ሜዳ ላይ ላሞቹን ያባርራል።

«ዳኮታ ናት፤ በሰዓት ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» አለችና አካፈለች። ጠመኔው በእጇ ሲሆን ፍርሃቷ ሁሉ ይጠፋል። ደብተሯን ሳታይ፣ ጣቷን ሳትቆጥር፣ ከመልሱ በታች ሁለት መስመር አሰመረች። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ።

«ልክ ነው! እኔም ስሄድ አንድ ሰዓት አልሞላም» አለ ሙሴ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ሙሴ የክፍሉ የወጣት ማኅበር ጸሐፊ ነው፤ አባቱ የክፍለ ሀገሩ አስተዳደር ውስጥ ትልቅ ሰው ናቸው። አምና ክረምት ከአባቱ ጋር አዲስ አበባ በአውሮፕላን ደርሶ ከተመለሰ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። አስተናጋጇ ያደለችውን ከረሜላ ስምንተኛ ለ በሙሉ በጆሮው በልቶ ጠግቦታል።

«ከሙሴ ሌላ በአውሮፕላን የተሳፈረ አለ?» አሉ መምህር በላይነህ።

ማንም አልነበረም። ወንጌላዊትም ዐይኗን ወደ መሬት ሰበረች። አባቷ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሲያሳፍር ኖሯል፤ እሷ ግን አንድም ቀን ተሳፍራ አታውቅም። ዘንድሮ ግን ተስፋ ነበራት። አዲስ አበባ በሚደረገው የተማሪዎች የጥያቄና መልስ ውድድር ትምህርት ቤቱን የሚወክል አንድ ልጅ ከስምንተኛ ለ ይመረጣል፤ የሚመረጠውም ዓርብ ነው። አምና የተመረጠው ልጅ ሲሄድ በአውሮፕላን ሄዶ፣ ሲመለስ ገንዘቡ አልቋል ተብሎ በአውቶቡስ መጥቷል። ለወንጌላዊት መሄጃው ይበቃታል።

ያን ጊዜ ነው ከእሷው ዴስክ አንድ እጅ ወደ ላይ የወጣው።

ለተብርሃን ነበረች። ከመስከረም ጀምሮ ከወንጌላዊት ጎን ትቀመጣለች። ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም ከሚሸጡት አክስቷ ከእትዬ ደብሪቱ ጋር ነው የምትኖረው። ከየት መጣሽ ሲሏት «ከደሴ» ትላለች፤ ከዚያ በላይ አትናገርም። በሁለት ወር ውስጥ በፈቃዷ እጇን ስታወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«እኔ ተሳፍሬያለሁ» አለች። «ከመቀሌ አዲስ አበባ።»

«ስንት ሰዓት ፈጀ?» አሉ መምህሩ፤ ደስ ብሏቸዋል።

«ሃምሳ አምስት ደቂቃ።»

ሙሴ ወንበሩን አንቋቅቶ ዞረ። «ከመቀሌ? እኛ ከዚህ በምንሄድበት ጊዜ? ካርታውን አይተሽዋል?»

«ሃምሳ አምስት ደቂቃ ነው» አለች ለተብርሃን ደግማ።

«እሺ፣ ከረሜላ ሰጡሽ?»

«ከረሜላ የለም።»

«በመስኮት ምን አየሽ?»

«መስኮት አጠገብ አልነበርኩም።»

«መቀመጫሽ የት ጋ ነበር ታዲያ?»

«መቀመጫ የለውም። ቆመን ነው የመጣነው።»

ክፍሉ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። «ትኬት ቆራጩስ በር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር?» አለ አንዱ። «ፎገረችን በሉ!» አለ ሌላው። ሙሴ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና «ጓድ መምህር፣ ወንጌላዊት ትለካውና ይለይልን» አለ።

መምህር በላይነህ አልሳቁም። ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ጠፍቶ ለተብርሃንን ትክ ብለው አዩዋት። «ሰዓቱ እየደረሰ ነው፤ ይቅር» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ወንጌላዊት ግን ክሩን ከመቀሌ አዲስ አበባ ወጥራው ነበር።

«ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር» አለች። ሰሌዳው ላይ አምስት መቶን ለሁለት መቶ ሃምሳ አካፈለች። «ሁለት ሰዓት። በሃምሳ አምስት ደቂቃ ሊሆን አይችልም።»

ጭብጨባው ደስ አላት። በኋላ ላይ ስታስበው ያሳፈራት ይኼ ነው፤ በጣም ደስ ብሏት ነበር። ወደ ዴስኳ ስትመለስ ለተብርሃን ደብተሯን ሰብስባ ወደ ግድግዳው ተጠግታለች፤ በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር።

*

ከዕረፍት በፊት ለተብርሃን «ቦይንግ» የሚል ስም ወጣላት። በማግሥቱ ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ሙሴ የዓርብን አጀንዳ በር ላይ ለጠፈ።

ዓርብ ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሂስና ግለ ሂስ ይካሄዳል። ጥፋት የተገኘበት ተማሪ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ጓደኞቹ ይጠይቁታል፤ ጥፋቱን በራሱ አንደበት ተናግሮ ያርማል፤ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ቃለ ጉባኤው ወዴት እንደሚሄድ ማንም በትክክል አያውቅም፤ ብቻ ከክፍሉ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ማርፈድ ወይም መኮረጅ ነበር። የዚህ ሳምንት አጀንዳ ግን በሙሴ ቆንጆ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ተራ ቁጥር አንድ፤ ተማሪ ለተብርሃን የበረራውን ጊዜ በሚመለከት ክፍሉን በሐሰት ስለማሳሳቷ። ማስረጃ፤ የተማሪ ወንጌላዊት ስሌት። ተራ ቁጥር ሁለት፤ የውድድሩ ተወካይ ምርጫ።»

«የኔን ስም ለምን ጻፍከው?» አለችው ወንጌላዊት።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ያጋለጥሻት? ደግሞ ያስመሰግንሻል። እኔ ብዙ የምጠይቃት ነገር አለኝ፤ ከደሴ ነኝ ስትል አልነበር? መቀሌ ከየት መጣ?»

*

ረቡዕ ትምህርታቸው እስከ ቀትር ነው። ወንጌላዊት የአባቷን ምሳ በሳህን ቋጥራ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄደች። ስትደርስ ዳኮታዋ ተነሥታ ሄዳለች፤ የረገጠችው ሣር ገና አልቀናም። አባቷ የሚዛኑ መደብ ላይ ተቀምጦ ፉጨት በሚያክል ድምፅ መዝሙር ያንጎራጉራል። ሲያያት አቆመ። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ መዝሙር ቤት ውስጥ መስኮት ተዘግቶ ነው የሚዘመረው፤ እዚህ ግን ከላሞቹ በቀር የሚሰማው የለም።

«ምን ይዘሽ መጣሽ፣ ወንጌል?»

«ዓሣ።» ሳህኑን ፈታችለት። ጥቂት እስኪበላ ታገሠችና «አባባ፣ ከዳኮታ የሚፈጥን አውሮፕላን አለ?» አለች።

«ከዳኮታ የማይፈጥን አለ ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ ይሻላል» ብሎ ሳቀ። «አሮጊት ናት እኮ። ነፋስ ከፊቷ ከመጣ አሞራ ሊቀድማት ይችላል።»

የወንጌላዊት ፊት ጋለ። ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር ያሰመረችበት ሁለት መቶ ሃምሳ ትዝ አላት። እሷ አውሮፕላን ሲባል የምታውቀው ይህቺ አሮጊት ብቻ ናት።

«መቀመጫ የሌለውስ አለ? ሰው ቆሞ የሚሄድበት?»

አባቷ ወደ አፉ የያዘውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። ዙሪያውን አየ። ሜዳው ጭር ብሏል፤ ዘበኛው ከሩቅ ዛፍ ሥር ጋደም ብሏል።

«እንዲህ ያለውን ማን ነገረሽ?»

«አንዲት ልጅ። ከመቀሌ አዲስ አበባ ቆመን መጣን አለች። ሃምሳ አምስት ደቂቃ።»

«ልጅቷ የት...» አለና እጁን አነሣ። «ተይው፣ አትንገሪኝ። ባላውቅ ይሻላል።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር ጀመረ። «አምና ጥር ላይ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ አልነበር? የዕቃ አጫጫን ሲያሳዩን አንድ ትልቅ አውሮፕላን መጣ። አንቶኖቭ ይሉታል። የዕቃ ነው፤ ሆዱ ከኋላ በኩል ነው የሚከፈተው። እኔ ጆንያ ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ ሰው ወረደ። ከሰሜን፣ ድርቁ ካለበት አገር፣ ወደ ሰፈራ የሚወሰዱ ሰዎች ናቸው አሉን። ስንት እንደሆኑ መቁጠር አቃተኝ። እኔ እዚህ አንዱን ተሳፋሪ ከነሻንጣው ሳልመዝን አላሳፍርም። እዚያ የመዘነ አልነበረም።» ሳህኑን ከጉልበቱ ላይ አወረደ። «አትዩ ተባልን። ዞርን።»

«አንቶኖቭ በሰዓት ስንት ይሄዳል?»

«አምስት መቶ ሃምሳ ገደማ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ወንጌላዊት አንድ እንጨት አነሣችና አፈሩ ላይ አካፈለች። ሃምሳ አራት ደቂቃ ተኩል። ለተብርሃን የተሳሳተችው በግማሽ ደቂቃ ነው።

«ከሰፈራው የጠፉ አሉ?» አለች።

«አሉ ይባላል። የተገኘ ይመለሳል፤ ያስጠለለም ይጠየቃል።» አባቷ በጫማው አፈሩን ጠረግ ጠረግ አድርጎ ቁጥሩን አጠፋው። «ይቺን ነገር ትምህርት ቤት አታንሻት፣ ልጄ። ላንቺም ለሷም አይበጅም።»

*

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ገበያ ሄደች። እትዬ ደብሪቱ ወደ ወፍጮ ቤት ሄደው ለተብርሃን ብቻዋን ሽንኩርት ትመርጥ ነበር። ወንጌላዊትን ስታያት ቀና አላለችም።

«ስንት ኪሎ ልመዝንልሽ?»

«ልገዛ አልመጣሁም» አለች ወንጌላዊት። የምትለውን ሁሉ መንገድ ላይ አሰናድታ ነበር፤ አሁን ሁሉም ጠፋባት። ጎንበስ ብላ የበሰበሰውን ሽንኩርት ለብቻ ታወጣ ጀመር። ትንሽ ቆይታ በሹክሹክታ «አንቶኖቭ ነበር» አለች።

የለተብርሃን እጅ ቆመ።

«ስምሽን ለማንም አልተናገርኩም። አንቺ ልክ ነበርሽ፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ግን ደቂቃውን እንዴት አወቅሽው?»

ለተብርሃን ዙሪያዋን አየች። አጠገባቸው ያለችው ባለጎመን እንቅልፍ እያዳፋት ነው።

«በወታደሩ ሰዓት» አለች። «በሩ አጠገብ አንድ ወታደር ነበረ። በጣም ስለተጠጋጋን ክንዱ ፊቴ ላይ ነበር፤ ሌላ የማየው ነገር አልነበረኝም። ስንነሣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ይላል። ስናርፍ አራት ከአሥር።» ሽንኩርቱን ዘንቢሉ ውስጥ ጣለችው። «አባቴ ከኋላዬ ነበር። ጆሮሽን ያምሻል ብሎ በሁለት እጁ ይዞልኝ ነበር። እንዴት እንዳወቀ አላውቅም፤ እሱም ተሳፍሮ አያውቅም። እስክንወርድ አልለቀቀኝም።»

«አሁን የት ናቸው?»

«እዚያው ቀረ፣ በወሰዱን ቦታ። ወባ ነው።» ባለጎመኗ ነቅታ ዝንቦቹን እሽ እሽ አለችና ተመልሳ አሸለበች።

«ለምን እጅሽን አወጣሽ?» አለች ወንጌላዊት በመጨረሻ።

«አላውቅም። መምህሩ ሲጠይቁ... እኔ የማውቀው ነገር ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ እኔ የማውቀው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠየቀ።»

«ነገ አንቶኖቭ መሆኑን እነግራቸዋለሁ። ውሸታም እንዳልሆንሽ...»

«እንዳታደርጊው!» ለተብርሃን ክንዷን ያዘቻት፤ እጇ በሽንኩርት ልጣጭ ተሸፍኗል። «አክስቴ ከደሴ የመጣች የእኅቴ ልጅ ናት ብላ ነው ቀበሌ ያስመዘገበችኝ። ውሸታም ይበሉኝ። ውሸታም ወደ የትም አይመለስም።»

«ታዲያ ነገ ምን ልትዪ ነው?»

«አውሮፕላን በዐይኔ አይቼ አላውቅም እላለሁ። ጉራዬን ነው እላለሁ።» ክንዷን ለቀቀቻት። «አባቴም አልነበረም ማለት ነው» አለችና ፊቷን አዞረች።

ወንጌላዊት ወደ ቤት ስትሄድ መንገዱን አላየችውም። ዝም ብትል ምንም አይደርስባትም፤ ለተብርሃን ራሷ ዝም በዪ ብላታለች። ነገ ሁለተኛው አጀንዳ ላይ ስሟ ይጠራል፤ ከወር በኋላ አባቷ በሚዛኑ ላይ አቁሞ ይመዝናታል፤ ዳኮታዋ ላይ ትወጣለች። ይህን ሁሉ ስታስብ ግን ሁለት እጆች የያዟቸው ጆሮዎች ይመጡባታል። ለተብርሃን ብትክድ እንኳ ሙሴ በዚያ ይበቃዋል ወይ? ደሴ ነው መቀሌ፣ መቼ፣ ከማን ጋር፤ አንዱ ጥያቄ ሌላውን እየጎተተ ሊሄድ ነው። የክሱ ምሰሶ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። እሱም የእሷ ስሌት ነው።

*

ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ መምህር በላይነህ ከኋላ ተቀመጡ። ሙሴ መዝገቡን ዘርግቶ ከፊት ቆመ።

«ተራ ቁጥር አንድ» አለ። «ተማሪ ለተብርሃን ወደ ፊት ትቅረብ።»

ለተብርሃን ተነሣች። ከጎኗ ወንጌላዊትም ሳታስበው ተነሣች።

«እኔ ግለ ሂስ አለኝ» አለች።

«ተራሽ አይደለም» አለ ሙሴ።

«ግለ ሂስ ተራ አይጠብቅም» አሉ መምህር በላይነህ ከኋላ። «ትናገር። ለተብርሃን፣ አንቺ ለጊዜው ተቀመጪ።»

ወንጌላዊት ሰሌዳው አጠገብ ሄዳ ዞረች። ጠመኔ ሳትይዝ እዚያ ቆማ አታውቅም፤ እጇን የምታደርግበት ጠፋት።

«ሰኞ ዕለት የሠራሁት ስሌት ስህተት ነው» አለች። «ርቀቱን ለክቻለሁ። ፍጥነቱን ግን አልለካሁም፤ አልጠየቅሁም። እኔ የማውቀውን የአንዲት አውሮፕላን ፍጥነት ወስጄ ለሁሉም አደረግሁት። የማላውቀውን እንደማውቅ ሆኜ ሰው ውሸታም አስባልኩ። ስለዚህ ስሌቴን አንስቻለሁ።»

ከዚያ ከኋላ «እንዴ! ወንጌልም ትሳሳታለች?» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ፤ አንዳንዱም ሳቀ።

«ጸሐፊው፣ የክሱ ማስረጃ ምን ይላል?» አሉ መምህር በላይነህ።

ሙሴ መዝገቡን ተመለከተ። «የተማሪ ወንጌላዊት ስሌት።»

«ሌላ ማስረጃስ?»

«ሌላ... መቀመጫ የለውም ብላለች እኮ! ደግሞ ደሴ...»

«አጀንዳው ላይ የጻፍከው ስለ በረራው ጊዜ ነው። መቀመጫ አልጻፍክም፤ ደሴም አልጻፍክም። ባልተጻፈ አጀንዳ ስብሰባ አይካሄድም፤ ይህን ደጋግመህ የምታስተምረን አንተ ነህ። ተራ ቁጥር አንድ ተሰርዟል።»

ሙሴ ቀላ። ብዕሩን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው። ከዚያ አንድ ነገር የመጣለት ይመስል ቀና አለ።

«እሺ። ግን ግለ ሂስ ያለ እርማት ግማሽ ነው፤ ደንቡ ነው። ስህተቷን ካመነች ትክክለኛውን እዚሁ ሠርታ ታሳየን። ካላሳየች ግን ያልተረጋገጠ ነገር ሰሌዳ ላይ የምትጽፍ ልጅ ትምህርት ቤቱን መወከል የለባትም። በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።»

«ልክ ነው» አሉ ሁለት ሦስት ልጆች። ውድድሩን እነሱም ይመኙታል።

መምህር በላይነህ ብድግ ብለው በዴስኮቹ መካከል ወደ ፊት መጡ። ጠመኔ ከኪሳቸው አውጥተው ለወንጌላዊት ሰጧት። ሲሰጧት ዐይኗን አዩ። ምን እንደሚያውቁ፣ ምን እንደማያውቁ ከፊታቸው ማንበብ አልቻለችም።

«ደንቡስ ደንብ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ማረም ከቻልሽ ምርጫው እንዳለ ነው። ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

ወንጌላዊት ወደ ሰሌዳው ዞረች። አምስት መቶን ጻፈች። አግድም መስመሩን አሰመረች። ከመስመሩ በታች የሚገባው ቁጥር ጣቷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሦስት አሃዝ ብቻ። ስትጽፈው «ይሄን ፍጥነት ከየት አመጣሽው? የትኛው አውሮፕላን ነው?» ማለታቸው አይቀርም። እሷም መልስ አላት። መልስ ያጣችበት ቀን ትዝ አይላትም። አዲስ አበባ፣ ዳኮታዋ፣ በመስኮት ከላይ የሚታየው ሐይቅ፣ ሁሉም ከዚያች መስመር በታች ነበር።

ከኋላዋ አርባ ስምንት ልጆች ይጠብቃሉ። ለተብርሃን እንደምታያት ዞር ሳትል ታውቃለች።

«እ?» አለ ሙሴ፣ ብዕሩን መዝገቡ ላይ አሳርፎ። «ስንት ነው?»

«አላውቅም» አለች ወንጌላዊት።

ድምጿ እሷ ከጠበቀችው በላይ የረጋ ነበር። አምስት መቶዋን በእጇ መዳፍ አጠፋች፤ ጠመኔውን ለመምህር በላይነህ መለሰችና ሙሴ ቃሏን ጽፎ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው።